በጋሼ የሺጥላ ስም

«ዘጠኝ ከአስር ጥሩ አይደለም እንዴ?» ብለው ነበር ጋሼ የሺጥላ እሑድ ዕለት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ገረመው ካልጋሪ፣ ታራዴል ሰፈር በተከራየው ቤዝመንት በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል፣ ውጭ የሰኔ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እሱ ግን ሌሊቱን ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ዌርሃውስ ካርቶን ሲደረድር ስላደረ የእሱ ሌሊት አሁን ነው፣ ለዚህ ሲል መስኮቷን በፎይል ለብጧታል፣ ጆሮውን በጥጥ ደፍኗል፣ ትራሱን ሦስቴ ገልብጧል፣ እንቅልፍ የለም። አራተኛ ቀኑ ነው። ዘጠኝ። የጋሼ የክሬዲት ወረቀት ላይ አንዲት ኦ እና አንዲት ዘጠኝ ጎን ለጎን ተጽፈው ነበር፣ ጋሼ እንግሊዝኛው ስለማይሆንላቸው እንዲያነብላቸው የጠሩት ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጠው እሱን ነው፣ እሱም ያውቃል፣ በዚያ ወረቀት ቋንቋ አንድ ማለት በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ማለት ነው፣ ዘጠኝ ማለት ግን ይህ ሰው አልከፈለንም፣ ተስፋ ቆርጠን ለዕዳ ሰብሳቢ ሰጥተነዋል ማለት ነው። «ጥሩ አይደለም ጋሼ» አላቸው። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እውነት ግን ዋጠው፤ ዘጠኟ የጋሼ አይደለችም፣ የእሱ ናት።

እንዴት የእሱ ሆነች? ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ካልጋሪ ሲገባ የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረውም፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስስ ጃኬቱን አይተው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ብርድ እኮ ቀልድ አያውቅም» ብለው የራሳቸውን ካፖርት የደረቡለት ጋሼ የሺጥላ ናቸው፣ በዚያው ካስልሪጅ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ወስደው ሁለት ወር አስቀመጡት፣ ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዓለም ከዮናታን ክፍል ፍራሽ አነጠፉለት። ዮናታን አንድ ልጃቸው ነው፣ ያኔ ገና አሥራ ስምንት መሙላቱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሦስቱም ሞል ሄዱ፣ ለዮናታን ስልክ ሊገዛለት፣ ገረመውም ለራሱ ሊያወጣ። ስልክ ሻጯ ልጅ የገረመውን ስም ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባች፣ ጠበቀች፣ ደግማ አስገባች፣ ከዚያ እንደማዘን ፈገግ ብላ «ሂስትሪ የለህም» አለችው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሰው አስተምሮ፣ አግብቶ፣ ፈትቶ፣ ሁለት አገር ተሰዶ የመጣ ሰው ታሪክ የለህም ተባለ። ካርድ እየሞላህ መጠቀም ትችላለህ፣ አለችው፣ እሱ ግን ለክሬዲት አይቆጠርም፣ ኮንትራት ሲሆን ነው በየወሩ በሰዓቱ ከከፈልክ የሚመዘገብልህ፣ ካልከፈልክም የሚመዘገብብህ። ጋሼ ሲተረጎምላቸው ትንሽ አሰቡና መታወቂያቸውን አወጡ። «በእኔ ስም ትጻፈው» አሉ፣ «ሁለቱንም።» «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኃላፊነት አለበት» ሲላቸው ሳቁበት። «ምነው፣ ልትከዳኝ አስበሃል?» ጥቁሩ ስልክ ለዮናታን ሆነ፣ ሰማያዊው ለገረመው፣ የገረመው የክፍያ ቢል በቀጥታ ወደ ገረመው ኢሜይል እንዲመጣ ተደረገ፣ ጋሼ ኢሜይል የሚባል ነገር አይከፍቱም።

ክፉ ሰው አልነበረም እኮ። ይህን ለጣሪያው ይነግረዋል። አምስት ወር በሰዓቱ ከፍሏል፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፈም። ከዚያ አዲስ አበባ አባቱ አቶ ተድላ ታመሙ። እህቱ አርያም በድምፅ ብቻ ነበር የምትደውለው፣ የስልኳ ካሜራ ሞቷል፣ «አባባ ሊያዩህ ይፈልጋሉ» ትለዋለች፣ የእሱ የመኖሪያ ወረቀት ገና አላለቀም፣ ከወጣ መመለሻ የለውም፣ ስለዚህ ሰማያዊውን ስልክ በካልሲ ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠው፣ ለራሱ ርካሽ ስልክና ካርድ ገዛ። ስልኩ ደረሰ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አባቱን አየ። አየ ማለት አየ ነው፣ የአንገታቸውን ሥር፣ ያልተላጨውን ጢማቸውን፣ አባቱ ስክሪኑን በጣታቸው ይነካሉ፣ ጉንጩን የነኩት ይመስላቸዋል፣ «ከስተሃል» ይሉታል፣ «ካሜራው ነው አባባ» ይላቸዋል፣ «ካሜራስ አይዋሽም፣ ብላ» ይሉታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲደውል አርያም አነሣችና ምንም ሳትናገር ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ግድግዳውን እያየ አለቀሰ። መጋቢት ነበር፣ ካልጋሪ በረዶ ይጥላል።

ከሐዘኑ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብሩክስ የምትባል ከተማ ሄደ፣ የሥጋ ፋብሪካ፣ ከብርድ ወጥቶ ሌላ ብርድ ውስጥ መግባት። ለቀብሩና ለተዝካሩ ያለውን ሁሉ ልኳል። ኢሜይሉ መጣ፣ የስልክ ክፍያህ አልፏል። በእጁ ለሌለ ስልክ፣ ሊያዩት ለማይችሉ አባት፣ በሚቀጥለው ወር እከፍላለሁ አለ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ኢሜይል መጣ፣ ቃሉ ጠንከር ያለ። ስሙ እኮ የለበትም፣ ውድ አቶ የሺጥላ ነው የሚለው፣ ሰው የራሱን ስም ያላየበትን ደብዳቤ መደበቅ እንዴት ይቀለዋል! ስፓም ወደሚባለው የቆሻሻ ሣጥን ወረወረው፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጡት ራሳቸው ወደዚያው መግባት ጀመሩ፣ እሱም ማየት ተወ። አንድ ቀን ፋብሪካው ውስጥ ልብስ መቀየሪያው ጋ ሳለ ጋሼ ደወሉ። «ገረመው፣ አንድ ሰውዬ እየደወለ ስለ ስልክ ዕዳ ያወራኛል፣ ግማሹም አይገባኝ። ያንተው ተዘግቷል አይደል?» ያኔ «ጋሼ፣ የእኔ ነው» ቢል ምን ነበረ? ምን ነበረ? ይቆጡት ነበር፣ ምናልባት ያበድሩት ነበር። እሱ ግን አፉ ቀደመው። «አዎ ጋሼ፣ ድሮ ዘግቻለሁ» አለ። «እኔም ብዬ ነበር፣ እንዲያው ለማጣራት ነው» አሉና ስለ ጤናው ጠየቁት። ጓንቱን አጠለቀና ወደ ሥራ መስመሩ ገባ። ያ ነው እንግዲህ። አንድ ዓረፍተ ነገር።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ፣ የእሱ ክሬዲት እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ካልጋሪ ተመልሶ የራሱን ካርድ አወጣ፣ የራሱን የስልክ ኮንትራት ፈረመ፣ አንድ ቀን ሳያሳልፍ ይከፍላል፣ አምና መኪና ሊገዛ ሲሄድ ሻጩ ስክሪኑን አይቶ አፏጨ፣ ቢዩቲፉል ክሬዲት አለው፣ እጁን ጨበጠው፣ እሱም ኮራ። ኮራ! በመኪናው ደግሞ ጋሼንና እትዬ ሸዋዓለምን ለፋሲካ ቅዳሴ ያመላልሳቸዋል፣ እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ይሉታል።

እና እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ናቸው። ለአሥራ ስድስት ዓመት የተከራዩት ቤት ሊሸጥ ስለሆነ ጋሼ ሳቫና ሰፈር ውስጥ አንድ የሚሸጥ ታውንሃውስ አይተው ባንክ ብድር ጠይቀዋል፣ ባንኩ አይሆንም ብሏል፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ኖረው ከማንም ሳይበደሩ አይሆንም ተባሉ፣ ለምን ሲሉ ይህን ወረቀት አንብብ ተባሉ። ገረመው ወረቀቱን ይይዛል። «እዚህ ላይ ሁለት የስልክ አካውንት አለ» ይላቸዋል፣ «በአንድ ቀን የተከፈቱ። አንደኛው ተከፍሎ ያለቀ ነው፣ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው…» የመጨረሻ ክፍያ የሚለውን ያያል፣ የካቲት ይላል፣ አባቱ ከመሞታቸው አንድ ወር በፊት። «ሁለተኛው የዮናታን ነው» ይላሉ ጋሼ።

«የዮናታን?»

«የማን ሊሆን! ያንተው ተዘግቷል። ያኔ ሰውዬው ሲደውል ልጁን ጠየቅኩት፣ አባዬ እኔ ከፍያለሁ አለኝ፣ በማርያም ስም ማለልኝ፣ ወረቀትም ሊያሳየኝ ሞከረ፣ ለእኔ የፈረንጅ ወረቀት ምን ይገባኛል! ማርያምን በሐሰት ከጠራህ በእኔ ቤት አታድርም አልኩት። በንስሐ አባታችን ፊት ውሸታም አልኩት። ሦስት ዓመቱ። ኤድመንተን ነው አሉ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማራል አሉ።»

አሉ ይላሉ፣ ስለ አንድ ልጃቸው። እትዬ ሸዋዓለም ተነሥተው ወደ ኪችን ይገባሉ፣ ቧንቧ ይከፍታሉ፣ ውሃው ይወርዳል፣ የሚታጠብ ዕቃ ግን የለም። ገረመው ልጁ ከቤት መውጣቱን ያውቅ ነበር፣ ለሥራ ሄደ ብለውት ነበር፣ በዚህ ዘመን የማን ልጅ ቤት ይቀመጣል ብሎ አልፎት ነበር። «ቢከፈልስ ይጠፋል?» ይሉታል ጋሼ። «አይጠፋም፣ ስድስት ዓመት ይቆያል። ተከፍሏል የሚል ይጻፍበታል እንጂ።» «ንስሐ የለውማ» ብለው ወረቀቱን አጠፉት። ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። «ሺፍት አለኝ፣ ልሂድ» አለ።

ሰኞ ሸሽጎ ሊከፍል ሞከረ፣ እንዲህ ነው ሰው፣ ከተያዘ በኋላም የጓሮ በር ይፈልጋል። ዕዳ ሰብሳቢው ቢሮ ደውሎ ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማ፣ አንዲት ሴት አነሣች፣ እከፍላለሁ አላት፣ አካውንቱ በማን ስም ነው አለችው፣ ነገራት። «አንተ እሱ ነህ?» አለችው። አይደለሁም። «እንግዲያው ስለ ሌላ ሰው ዕዳ ላናግርህ አልችልም፣ እሱ ራሱ ይደውል።» ሳቁ መጣ። ዕዳውን በሸሸባቸው ዓመታት የጋሼ ስም ሸፍኖት ነበር፣ አሁን የእኔ ነው ሲል አይደለህም አሉት።

ስልኩ ጮኸ። ጥጡን ከጆሮው አወጣ። አርያም ናት፣ እዚያ መሽቷል፣ ስለ ቤቱ ግብር ልትነግረው ነው የደወለችው፣ እሱ ግን አቋረጣት።

«ያ ሰማያዊ ስልክ የት ደረሰ?»

«የቱ? አባባን ያየህበት? ተበላሽቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። ምነው?»

ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሩ ነው፣ የጋሼን ስም፣ ዘጠኟን፣ ዮናታንን፣ እንደ ውሃ ወረደለት፣ ሲጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለው።

«አርያም?»

«አለሁ» አለች። «ያንተ መስሎኝ እኮ ነው።»

«የእኔ ነበር፣ በስማቸው ነው እንጂ።»

«በሰው ስም ነው አባባን ያየናቸው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፣ ታናሹ መሆኗን የረሳች ይመስል። «ስማ ወንድሜ። እኔና አንተ አሁን ብንፈልግስ ለአባባ እንደውላለን? የዚያ ልጅ አባት ግን በሕይወት አለ። ምን ትጠብቃለህ?»

ተነሣ። ፊቱን ሳይታጠብ ሸሚዝ ለበሰ፣ መኪናዋን አስነሣ፣ ከታራዴል ካስልሪጅ ሩቅ አይደለም፣ አምስት መብራት ነው፣ በእያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ መመለስ ይቻላል፣ ሁሉም ቀይ ሆኑበት። ደረሰ። ጋሼ ሳሎኑ መሐል ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠው ካርቶን በቴፕ ያሽጋሉ፣ እትዬ ሸዋዓለም ሳህን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ፣ ቤቱ ግማሹ ተነቅሏል። «ኧረ ግባ፣ አትተኛም እንዴ አንተ በዚህ ሰዓት?» አሉት ጋሼ። ጫማውን አወለቀ፣ ግን አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ እሑድ ያነበብኩልዎትን ወረቀት ጨርሼ አላነበብኩልዎትም።»

«ምን ቀረው?»

«ዘጠኟ የዮናታን አይደለችም። የእኔ ናት።»

ጋሼ ቴፑን አልለቀቁም። እትዬ ሸዋዓለም «ምን አልክ?» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። እሱም ጀመረ፣ ቆሞ፣ ሰማያዊውን ስልክ፣ የአባቱን ሕመም፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ብሩክስን፣ ኢሜይሉን የት እንደወረወረው፣ ሰኞ ሲደውል ሰብሳቢዋ ያለችውን፣ ነገ አብረን እንደውልና ፈቃድ ይስጡኝ፣ ሁሉንም እከፍላለሁ፣ ለባንኩም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ እፈርማለሁ፣ ምናልባት ቤቱን…

«ስለ ቤት ማን ጠየቀህ?» አሉ ጋሼ።

ጋሼ ቴፑን ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት።

«ያን ጊዜ ደውዬ ጠይቄህ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«ዘግቻለሁ አልከኝ።»

«አዎ።»

ጋሼ እጃቸውን ተመለከቱ፣ በዲተርጀንት የተሰነጣጠቀውን። «የአንተን ቃል አንሥቼ የልጄን ጣልኩ» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር፣ በጥፊ ቢመቱት ይሻለው ነበር፣ እሳቸው ግን ልክ የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ ይመስል ወለሉን ያዩ ጀመር። እትዬ ሸዋዓለም ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። «ቁጥሩ አለኝ» አሉ ባላቸውን ሳያዩ። «በየሳምንቱ እደውልለታለሁ። አልነገርኩህም።»

«ደውዪ» አሉ ጋሼ። ከዚያ ገረመውን ቀና ብለው አዩት፣ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አንተ ንገረው። እኔ በየትኛው አፌ።»

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ። የመሰርሰሪያ ድምፅ መጣ፣ ከኋላው ጎርነን ያለ የወጣት ድምፅ፣ ገረመው የሚያውቀው ልጅ እንዲህ ዓይነት ድምፅ አልነበረውም።

«ሄይ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ኤቭሪቲንግ ኦኬ?»

«ዮናታን፣ ገረመው ነኝ። እናንተ ቤት ነኝ፣ ስፒከር ላይ ነህ፣ አባትህም ይሰማሉ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያኔ አልተከፈለም የተባለው ስልክ የእኔው ነበር። አባትህ ሲጠይቁኝ ዘግቻለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። አንተ እውነትህን ነበር።»

መሰርሰሪያው ቆመ፣ ወይም ልጁ ራቅ ብሎ ወጣ። 

«ሶ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» አለ ዮናታን። «ኦል ዚስ ታይም?»

«ዕዳው የእኔ መሆኑን ሁሌም አውቅ ነበር። በአንተ መላከኩን ግን እሑድ ነው የሰማሁት።»

«እሑድ።» ትንፋሹ ተሰማ። «ዛሬ ዌንስደይ ነው።»

 ከሁሉ በላይ የወጋው ይህ ነው፣ ሦስት ዓመቱን ሳያውቅ ነው ሊባል ይችላል፣ ሦስቱን ቀን ግን እያወቀ፣ ፎይል እየለጠፈ፣ ትራስ እየገለበጠ።

«አባዬ አለ እዛ?» አለ ልጁ።

«አሉ።»

«ስፒከሩን አጥፋና ስጠው።»

ስልኩን ሰጣቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ ጆሮአቸው ላይ አደረጉት። ገረመው ወደ በሩ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሠረ፣ ማሠሪያው እምቢ አለው፣ ደግሞ አሠረ፣ ከኋላው ጋሼ «ዮኒ» ሲሉ ሰማ፣ ከዚያ «እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር በለኝ» ሲሉ ሰማ፣ እኒያ ሽማግሌ፣ ለሃያ አንድ ዓመት ልጅ። እትዬ ሸዋዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከባላቸው አጠገብ ተንበርክከዋል። እንግዳ ሳይሸኙ የማይቀሩ ሴት ዛሬ ዞር ብለውም አላዩት። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ማታ ሥራ ይገባል፣ አሁን ቢሄድ ጥቂት ተኝቶ ይደርሳል። ተናግሬአለሁ፣ ይላል ለራሱ፣ ሁሉንም ተናግሬአለሁ፣ ምንም አላስቀረሁም፣ ቀለል ሊለው ይገባ ነበር፣ አልቀለለውም፣ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለዋል፣ ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ይቆጥረዋል፣ የአባቱን ሞት ነግሯል፣ ብሩክስን ነግሯል፣ የሰብሳቢዋን መልስ ሳይቀር ነግሯል፣ እከፍላለሁ ብሏል፣ እፈርማለሁ ብሏል። ይቅርታ አላለም። ለጋሼም አላለም፣ ለእናቲቱም አላለም፣ ለልጁም አላለም። እዚያ ቤት ውስጥ ይቅር በለኝ ያሉት የተበደሉት ሰውዬ ብቻ ናቸው።

ሞተሩን አጠፋ። ለሱፐርቫይዘሩ ዛሬ አልገባም ብሎ ጻፈለት። ወርዶ በሩ ጋ ደረሰ፣ እጁን ለማንኳኳት አነሣ፣ የጋሼ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፣ ዝቅ ይላል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል፣ አንዴም የሳቁ መሰለው፣ ያለቀሱም ሊሆን ይችላል። እጁን መለሰ። የእሱ ተራ ገና ነው። አባትና ልጅ አውርተው እስኪጠግቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።